ኮምፒዩተር የሳለው ጀግና የማን ንብረት ነው?

ቤት የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ካርታውን ነው። ግድግዳው ቢያምር፣ ሰፈሩ ቢመች፣ ደላላው ቢምል ቢገዘት ካርታ ከሌለ ዋጋው ይወርዳል፤ ባንክም በመያዣነት አይቀበለውም። በዓለም የቪዲዮ ጌም ገበያ ውስጥ ባለፉት ጥቂት ዓመታት የተነሳው ክርክር ከዚህ ብዙም አይርቅም። ኤ.አይ. ወይም ሰው ሰራሽ አስተውሎት በሚባለው ቴክኖሎጂ የተሠራ ሥዕል፣ ድምፅና ገጸ ባሕርይ ካርታ አለው ወይስ የለውም ነው ጥያቄው።

ጉዳዩ በገንዘብ ሲታይ ቀላል አይደለም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2023 አክቲቪዥን ብሊዛርድን የጠቀለለው በ68.7 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ሴፕቴምበር 2025 ደግሞ የሳዑዲ ዓረቢያ የመንግሥት ኢንቨስትመንት ፈንድና ሁለት የአሜሪካ የኢንቨስትመንት ድርጅቶች ኤሌክትሮኒክ አርትስን በ55 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት መስማማታቸው ተገለጸ። ከዚህ ውስጥ 20 ቢሊዮኑ በብድር የሚሸፈን ነው። እንዲህ ያለ ገንዘብ ለሕንፃና ለጠረጴዛ አይከፈልም። የሚከፈለው «ኮል ኦፍ ዲዩቲ» ለተባለው ስም፣ ለገጸ ባሕርያቱ፣ ለሥዕሉና ለሙዚቃው፣ በአጭሩ ሌላ ሰው ቀድቶ ሊሸጠው ለማይችለው ነገር ነው።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሠዓሊ ቀናት የሚፈጅበትን ሥዕል ኤ.አይ. በደቂቃ ያወጣዋል፤ ወጪ መቀነስ የሚፈልግ ኩባንያ ቢጓጓለት አያስገርምም። የአሜሪካ የቅጅ መብት ጽሕፈት ቤት ግን መብት የሚሰጠው ለሰው የፈጠራ ሥራ ብቻ መሆኑን ደጋግሞ አስታውቋል። ፌብሩዋሪ 2023 «ዛሪያ ኦቭ ዘ ዶውን» በተሰኘ የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ ላይ የሰጠው ውሳኔ ለጌም ነጋዴዎችም ትልቅ ትምህርት ነበር። መጽሐፉን የጻፈችው ሰው ነች፤ ሥዕሎቹን ያወጣው ሚድጆርኒ የተባለው የኤ.አይ. መሣሪያ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ጽሑፉንና የሥዕሎቹን አመራረጥና አቀማመጥ የእሷ ናቸው ብሎ ሲያጸናላት፣ ሥዕሎቹን እያንዳንዳቸውን ግን ከመዝገቡ አወጣቸው።

ይህ ወደ ጌም ሲተረጎም እንዲህ ይሆናል። ታሪኩን ሰው ከጻፈው፣ የፕሮግራሙን ኮድ ሰው ከሠራው እነሱ ባለቤት አላቸው። ዋናውን ጀግና ግን ኤ.አይ. ብቻውን ከሳለው ተፎካካሪ ኩባንያ ያንኑ ምስል ወስዶ በራሱ ጌም ቢያስገባው በአሜሪካ በቅጅ መብት መክሰስ ያስቸግራል። ሙሉውን ጌም መቅዳት ክልክል ሆኖ ፊቱን መውሰድ ይቻላል ማለት ነው። ጌሙ ከታወቀ በኋላ በጀግናው ፊት ልብስና መጫወቻ አሠርቶ መሸጥ ያሰበ ሰው ኪሳራው የሚታየው ያኔ ነው።

ጽሕፈት ቤቱ ጃንዩዋሪ 2025 ባወጣው ሪፖርት ለኤ.አይ. ትእዛዝ መጻፍ ብቻውን የሥራው ባለቤት እንደማያደርግ ገልጿል። በሌላ በኩል ሰው ኤ.አይ.ን እንደ መሣሪያ ተጠቅሞ ራሱ ካስተካከለው፣ ከጨመረበትና ካቀናበረው የሰውየው ድርሻ ይጠበቃል። ኮምፒዩተርን በደራሲነት ለማስመዝገብ የቀረበውንም ክርክር የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ማርች 2025 አልተቀበለውም።

ቻይና ስትመጣ ነገሩ ይገለበጣል። የቤጂንግ የኢንተርኔት ፍርድ ቤት ኖቬምበር 2023 በኤ.አይ. የተሠራ ሥዕልን የቅጅ መብት ይገባዋል ብሎ የወሰደውን ሰው 500 ዩዋን ካሣ አስከፍሏል። ገንዘቡ የአንድ ምሳ ግብዣ አይሞላም፤ ቁም ነገሩ ግን አንዱ ሥዕል በቤጂንግ ባለቤት ያለው፣ በዋሽንግተን ሜዳ ላይ የወደቀ ሊሆን መቻሉ ነው። ጌም ደግሞ በአንድ ቀን በመቶ አገር የሚሸጥ ዕቃ ነው።

ከባለቤትነቱ ሌላ የተጠያቂነት ጣጣም አለ። የኤ.አይ. መሣሪያዎች የሠለጠኑት በሌሎች ሰዎች ሥራ ነው። ዲዝኒና ዩኒቨርሳል ገጸ ባሕርያችንን ይቀዳል በማለት ጁን 2025 ሚድጆርኒን ከሰዋል። የኮምፒዩተር ጌም ሸማቾች ትልቁ መደብር የሆነው ስቲምም ይህን ስጋት ወደ አምራቹ ትከሻ አዙሮታል። የመደብሩ ባለቤት ቫልቭ በ2023 በኤ.አይ. የተሠሩ ሥዕሎች ያሉባቸውን አንዳንድ ጌሞች ሲመልስ ቆይቶ፣ ጃንዩዋሪ 2024 በሩን ከፈተ። ቅድመ ሁኔታው አምራቹ የተጠቀመውን ኤ.አይ. እንዲያሳውቅና ሕገወጥ ወይም የሌላውን መብት የሚነካ ነገር እንደሌለበት ቃል እንዲገባ ነው። ቫልቭ ከሽያጩ ሠላሳ በመቶ ኮሚሽኑን ይወስዳል፤ ክስ ቢመጣ ግን ቃል የገባው አምራቹ ነው። የኤፒክ ጌምስ ኃላፊ ቲም ስዊኒ ግን ወደፊት ሁሉም ጌም ኤ.አይ. ስለሚገባበት መለያ መለጠፉ ትርጉም የለውም ሲሉ ኖቬምበር 2025 ተቃውመዋል። እርሳቸውም የተፎካካሪ መደብር ባለቤት መሆናቸው አይዘነጋም።

መደበቅ ምን እንደሚያስከትል የፈረንሳዩ ሳንድፎል ኩባንያ አይቶታል። «ክሌር ኦብስኩር፡ ኤክስፔዲሽን 33» የተባለው ጌሙ ዲሴምበር 2025 ከኢንዲ ጌም አዋርድስ ሁለት ሽልማቶችን ተቀብሎ በቀናት ውስጥ ተነጠቀ። ምክንያቱ ለውድድር ሲቀርብ ኤ.አይ. አልተጠቀምንም ተብሎ ሳለ ጥቂት ጊዜያዊ ምስሎች ገብተውበት መገኘታቸው ነው። ገበያው ግን አልቀጣውም፤ ከ5 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጦ ነበር። ተጫዋቹ እንደ ሸላሚው አይቆጣም፤ ገንዘብ ያለው ባለሀብትም ይህን ልብ ብሎታል። የድምፅ ተዋንያኑ ነገር ለየት ይላል። የአሜሪካ ተዋንያን ማኅበር ከጁላይ 2024 ጀምሮ አንድ ዓመት ገደማ አድማ መትቶ፣ ድምፃቸውና መልካቸው ያለፈቃዳቸው በኤ.አይ. እንዳይባዛ በውል አስጽፏል።

ጉዳዩ እዚህ አገርም ደጅ ላይ ነው። እንደ ቅኔ ጌምስ ያሉ «ኩኩሉ»ንና «ገበጣ»ን የሠሩ የአገር ውስጥ ድርጅቶች የሚሸጡት በውጭ መደብሮች ነው፤ ስለዚህ የመደብሮቹ ደንብ ይገዛቸዋል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ቢሆን የሥራ አመንጪ የሚለው ሥራውን በአእምሮው የፈጠረውን ሰው ነው። አዋጁ የወጣው ሥዕል የሚስል ኮምፒዩተር ከመምጣቱ በፊት መሆኑ የታወቀ ነው።

በጌም ድርጅት ውስጥ አክሲዮን ለመግዛት የሚነጋገር ባለሀብት ታዲያ ከሽያጭ ሂሳቡ ጎን ሌላ ፋይል ማስቀረብ ይኖርበታል። የትኛው ሥዕል በማን እጅ፣ የትኛው በየትኛው መሣሪያ እንደተሠራ፤ ሠዓሊው ተቀጣሪ ይሁን በኮንትራት የሠራ፤ መብቱን በጽሑፍ አስተላልፎ እንደሆነ፤ የመጀመሪያዎቹ ንድፎች ከነቀናቸው ተቀምጠው እንደሆነ። ፈረንጅ ወረቀት ያበዛል ይባላል። እዚህ ላይ ግን ጀግናውን ሰው እንደሳለው የሚያስረዳው ያ በእርሳስ የተሞነጫጨረ ወረቀት ነው፤ የጠፋበት ድርጅት ሻጭ ሲሆን በዋጋው ላይ ይከራከሩበታል።