ስለማይወራው ሕመም እናውራ

በኅብረት ጸሎታችን ላይ የጨጓራ፣ የወገብና የደም ግፊት ሕመም በግልጽ ይነሣል። በብልት አካባቢ የሚሰማ ማሳከክና ነጭ ፈሳሽ ግን በሴቶች ኅብረት እንኳ አይነገርም። ዝምታው ዋጋ ያስከፍላል፤ ሚስት ለብቻዋ ትሠቃያለች፣ ባል ይጠራጠራል፣ ትዳርም ይቀዘቅዛል።

ለመሆኑ ምንድን ነው?

ሕመሙን የሚያመጣው ካንዲዳ የሚባል የእርሾ ዓይነት ፈንገስ ነው። የሊጥ እርሾ ዘመድ ይሁን እንጂ እንጀራ በመብላት አይመጣም። በጤናማ ሰው አፍ፣ አንጀትና በሴት ብልት ውስጥ ጉዳት ሳያደርስ ይኖራል። ጠቃሚ ባክቴሪያዎችና የሰውነታችን የመከላከል ኃይል ልክ ያስይዙታል። ይህ ሚዛን ሲዛባ ግን ይራባል። ከአራት ሴቶች ሦስቱ ያህል በዕድሜያቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ያገኛቸዋል። ስለዚህ እህቴ ሆይ፣ ብቻሽን አይደለሽም።

ይበልጥ የሚጋለጡት እነማን ናቸው?

በመጀመሪያ እርጉዞች ናቸው፤ በእርግዝና ጊዜ የሚጨምረው ሆርሞን ለፈንገሱ ይመቸዋል። በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል በእርጉዞች ላይ ተደርጎ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከአራቱ በአንዷ ገደማ ላይ ካንዲዳ አግኝቷል። ሁለተኛ፣ አንቲባዮቲክ የሚወስዱ ሰዎች ናቸው። አሞክሲሲሊንን ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚውጥ ሰው ጠቃሚዎቹንም ባክቴሪያዎች ይገድላል። ሦስተኛ፣ ስኳራቸው ያልተስተካከለ ሕመምተኞች፣ አራተኛ ደግሞ በኤች አይ ቪ ወይም በሌላ ምክንያት የመከላከል አቅማቸው የደከመ ወገኖች ናቸው። ጨቅላ ሕፃናትም በአፋቸው ውስጥ ነጭ ሽፋን ሊወጣባቸው ይችላል።

“ማን በደለ?”

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው የጠየቁት ይህንኑ ነበር፤ ጌታ ግን ጥያቄያቸውን አልተቀበለም። እኛስ ዛሬ? ይህ ፈንገስ የአባላዘር በሽታ ተብሎ አይመደብም፤ ወንድ የማታውቅ ልጃገረድንም ይይዛል። ስለዚህ በራሱ የዝሙት ማስረጃ አይደለም። ባልም እንደ ማሳከክና መቅላት ያለ ምልክት ካልታየበት አብዛኛውን ጊዜ መታከም አያስፈልገውም።

ነገር ግን ፈሳሽ ሁሉ ካንዲዳ አይደለም። የካንዲዳ ፈሳሽ ብዙውን ጊዜ እንደ አይብ የረጋና ሽታው የማይጎላ ነው። መጥፎ ሽታ፣ አረንጓዴ ወይም ቢጫ መልክ፣ ትኩሳት ወይም የሆድ ሕመም ካለ ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል በግምት መድኃኒት መግዛት አይገባም።

ምን እናድርግ?

በበቾ ቦሬም ሆነ በቡና አምራቾቹ ከተሞች የምትኖሩ፣ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሕክምናው ቀላል ነው፤ በብልት ውስጥ የሚደረግ ክሎትሪማዞል ወይም በአፍ የሚወሰድ 150 ሚሊ ግራም ፍሉኮናዞል ይታዘዛል። እርጉዝ ሴት ግን ፍሉኮናዞልን በራሷ ፈቃድ አትዋጥ፤ ለእርሷ የሚመረጠው በብልት የሚደረገው ነው። ሕመሙ በዓመት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከተመላለሰ የስኳርና የኤች አይ ቪ ምርመራ አድርጉ።

ብልትን ውስጡን በሳሙና ማጠብ፣ ሎሚ ወይም ነጭ ሽንኩርት ማስገባት ይጎዳል እንጂ አይፈውስም፤ ውጭውን በንጹሕ ውኃ መታጠብ ይበቃል። የጅማ ዝናብ ልብስ ቶሎ አያደርቅምና እርጥብ የውስጥ ልብስ አትልበሱ፤ ከጥጥ የተሠራና የማያጣብቅ ይሁን።

ወንድሜ ሆይ፣ በኤፌሶን ምዕራፍ 5 የተሰጠህ አደራ በዚህም ይፈተናል። ሚስትህ ሲያማት በጥያቄ አታስጨንቃት፤ አብረሃት ወደ ሐኪም ሂድ፣ እስክትድንም ታገሣት። መጸለይና መታከም አይጣሉም፤ ለሐኪሙም ጥበብን የሰጠ ጌታ ነው። እርሱ ትዳራችሁን ይባርክ!