ልጁን ለመጠበቅ አሳዳጊይቱን እንደግፍ



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ የተሻገረ መንገደኛ ደጀን ሲደርስ ወደ ቀኝ ቢታጠፍ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ በኩል አድርጎ ባሕር ዳር ይገባል። አገሩ የጤፍ አገር ነው። እናንተ በየሳምንቱ የምትጋግሩት እንጀራ ከዚሁ ከምሥራቅ ጎጃም የመጣ ሊሆን ይችላል።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ይህ አካባቢም ክፉኛ ተጎድቷል። ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ መንገድ ተቋርጧል፣ ቤተሰብ ተበታትኗል። ስለ ግጭቱ መነሻ ብዙ ይነገራል። የዛሬው ጽሑፋችን ግን በአንድ ጥያቄ ላይ ብቻ ያተኩራል። ከወላጆቹ የተለየ ልጅ በማን እጅ ይወድቃል? የተቀበለችውስ በምን ታሳድገዋለች?

በአገራችን ልማድ እንዲህ ያለውን ልጅ አስቀድሞ የሚቀበለው የሕፃናት ማሳደጊያ ድርጅት አይደለም። አያት ናት፤ አክስት ናት፤ አንዳንድ ጊዜም የሥጋ ዝምድና የሌላት ጎረቤት ናት። ለቢቸናና ለሞጣ ሰዎች መከራ እንግዳ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅን በመቃወም የጎጃም ገበሬ ባመፀ ጊዜ ሁለቱ አውራጃዎች ከአመፁ ዋና ዋና ማዕከሎች መካከል ነበሩ፤ መንደሮችም በአውሮፕላን ተደብድበው ነበር። ያን ጊዜ በእናቷ ጀርባ ታዝላ የነበረች ሕፃን ዛሬ አያት ናት።

እስቲ አንዲት እንዲህ ያለች አያት በዓይነ ኅሊናችን እንመልከት። ትናንት ብቻዋን ትኖር ነበር፤ ዛሬ ሦስት የልጅ ልጆች መጥተውባታል። በመጀመሪያው ሳምንት ጎረቤት እንጀራ ያመጣል፤ ዘመድ ጥቂት ብር ይሰጣል። ወር ሲያልፍ ግን እያንዳንዱ ወደየራሱ ችግር ይመለሳል። አያቲቱ በቅድሚያ ዶሮዎቿን ትሸጣለች። ቀጥላም ለሐምሌ ያስቀመጠችውን የጤፍ ዘር ትፈጫለች። ዘሩ ከተበላ ደግሞ የሚመጣው ዓመት አብሮ ተበላ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የልጆቹ ጉልበት ብቻ ይሆናል። ወንዱ ለከብት ጠባቂነት ይቀጠራል። ሴቷ ወይ ትዳራለች፣ ወይ ከደላላ ጋር ወደ ከተማ ትላካለች።

ልብ በሉ! ልጅቱ የተላከችው አያቷ ስለ ጠላቻት አይደለም፤ የእህሉ ጎታ ባዶ ስለ ሆነ ነው። ሕጋችን ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ይከለክላል። ኢትዮጵያ በአገር ውስጥ የተፈናቀሉ ሰዎችን ስለ መጠበቅ የተደረገውን የካምፓላ ስምምነት በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ አጽድቃለች። እነዚህ መልካም ሕጎች ናቸው። ዳሩ ግን ሕግ ብቻውን መሶብ አይሞላም። ልጁን ከአደጋ የሚጠብቀው ሕጉና የአሳዳጊይቱ ገቢ አንድ ላይ ሲቆሙ ነው።

ለዚህ የወይዘሮ አበበች ጎበና ሕይወት ጥሩ ምስክር ነው። አባታቸው በጣሊያን ወረራ ጊዜ በጦርነት ሞተው በአያቶቻቸው እጅ አደጉ። በ10 ዓመታቸው ያለ ፈቃዳቸው ቢዳሩም ሸሽተው አዲስ አበባ ገቡ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለግሸን ማርያም ንግሥ ወደ ወሎ ሄደው በድርቅ የተጎዱ ሰዎችን አዩ፤ ልጆችንም ይዘው ተመለሱ። በአንድ ዓመት ውስጥ ያስጠጓቸው ልጆች ቁጥር 21 ደረሰ። ልጆቹን ያበሉት በርኅራኄ ብቻ አልነበረም፤ እንጀራና ቆሎ እየሸጡም ነበር። እስካረፉበት እስከ ሰኔ 2013 ዓ.ም. ድረስ ሥራቸው ሳይቋረጥ ለብዙ ሺህ ሰዎች ተርፏል። ርኅራኄያቸው የጸናው ከሥራ ጋር ስለ ተጣመረ ነው።

እንግዲህ ለቢቸናና ለሞጣ አሳዳጊዎች ምን ይደረግ? አንደኛ፣ እርዳታው የእርሻውን ወራት ይጠብቅ። ዘር ከሐምሌ በፊት እንጂ ከሐምሌ በኋላ ቢደርስ ጥቅሙ ያነሰ ነው። ሁለተኛ፣ በቤት ውስጥ ልጅ እያዩ የሚሠራ ሥራ ይቅደም፤ ዶሮ ማርባት፣ በግ ማድለብ፣ ጥጥ መፍተል፣ እንጀራ ጋግሮ መሸጥ ለአንዲት አያት የሚከብዱ አይደሉም። ሦስተኛ፣ ብድር በቡድን ዋስትና በሚሰጥበት ቦታ ተፈናቃይዋ ዋስ የሚሆናት ሰው እንደሌላት ይታወቅ፤ የመንደሩ እድርና የሴቶች ማኅበር ቢቆሙላት መልካም ነው። አራተኛ፣ ወንድማማችና እኅትማማች የሆኑ ልጆች አይለያዩ። የልጁ ስም፣ የወላጆቹ ስምና የመጣበት ቀበሌ በወረቀት ይጻፍ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የማገናኘት ሥራ አለው፤ ይህን ሥራ የሚያቃናው ያ ወረቀት ነው።

እኅቶቼ፣ ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ነገር አይምሰላችሁ። የዚያች አያት የልጅ ልጅ ዛሬ በእናንተ ማጀት ቆማ ሽንኩርት ትከትፍ ይሆናል። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። የቤት ሠራተኛ ቅጥር በዚያ አዋጅ የማይሸፈን ቢሆንም የእናት ኅሊና ግን ሁሉንም ይሸፍናል። ደላላ ትንሽ ልጅ ቢያመጣላችሁ «ርካሽ ናት» ብላችሁ አትቀበሉ። ለወረዳችሁ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። ዕድሜዋ ለሥራ የደረሰ ወጣት በቤታችሁ ካለች ደመወዟ በወቅቱ ለራሷ ይከፈላት፤ የማታ ትምህርት ትማር፤ ከአያቷ ጋር በስልክ ትነጋገር።

ሌሊት እየባነነች ብትጮኽ ወይም አልጋ ብታረጥብ አትቆጧት፤ ያየችውንም እንድትናገር አታስጨንቋት። መናገር ስትፈልግ ግን የምትሠሩትን አቁማችሁ አዳምጧት። በሰዓቱ መብላት፣ በሰዓቱ መተኛት፣ ከእኩዮቿ ጋር መጫወት ቀስ በቀስ ያረጋጋታል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አባቶቻችን። በመሥሪያ ቤታችሁ ያላችሁ እቁብተኞች በወር ጥቂት ጥቂት ብር ብታዋጡ፣ ቢቸና ወይም ሞጣ ዘመድ ባላት ባልደረባችሁ በኩል ለአንዲት አያት የአንድ በግ ወይም የዘር መግዣ ይሆናል። ጎታዋ ባዶ ያልሆነባት አያት የልጅ ልጇን ለደላላ አትሰጥም።