በያኪማ የመጨረሻውን ድምፅ የሚሰጠው ማን ነው?

የያኪማ ነገር በተነሣ ቁጥር ወሬው ካርታ ላይ ይቆማል። ዳኛ መስመር አሰመረ፣ ከተማዋን ለሰባት ከፈላት፣ ከዚያ ወዲህ የምክር ቤት ምርጫዋ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይካሄዳል ይባላል። ሁሉም እውነት ነው። ይህን ብቻ የሰማ ሰው ግን ዋናውን ነገር አልሰማም፤ ከፍርዱ በፊትም እኮ ያኪማ የምርጫ ክልሎች ነበሯት።

ያኪማ ከሲያትል በካስኬድ ተራሮች ማዶ ያለች የፖም አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2010 የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዋ 91 ሺህ ገደማ ሲሆን ከመቶው 41ዱ ላቲኖ ነበር። ሆኖም በጊዜው ሥራ ላይ በነበረው የምርጫ ሥርዓት፣ በ37 ዓመት ውስጥ አንድም ላቲኖ ለምክር ቤቱ ተመርጦ አያውቅም። በሹመት የገባች አንዲት አባል ነበረች፤ እሷም በ2009 ለምርጫ ስትቀርብ ተሸነፈች።

ከሰባቱ መቀመጫዎች ሦስቱ በመላው ከተማ ድምፅ የሚያዙ ነበሩ። የቀሩት አራቱ የየራሳቸው ክልል ነበራቸው፤ ተወዳዳሪው የክልሉ ነዋሪ መሆን አለበት፣ በመጀመሪያው ዙርም የሚመርጡት የክልሉ ሰዎች ብቻ ናቸው። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ዛሬ ካለው ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ ሁለቱ አሸናፊዎች ወደ ኖቬምበሩ ምርጫ ሲያልፉ ይመጣል፤ ያን ጊዜ የሚመርጠው ክልሉ መሆኑ ይቀርና መላው ከተማ ይሆናል። ላቲኖዎች በብዛት የሚኖሩባቸው የምሥራቅ ያኪማ ሰፈሮች የወደዱትን እጩ ያሳልፋሉ፤ በቁጥር የሚበልጠው የምዕራቡ መራጭ ይጥለዋል። እያንዳንዱ መቀመጫ ለብቻው ስለሚቆጠር፣ በየጊዜው አንድ ላይ የሚመርጥ አብላጫ ካለ ሰባቱንም ጠቅልሎ ይወስዳል። አራተኛ ወይም አምስተኛ የሆነ እጩ የሚያገኘው ነገር የለም።

በእኔ እይታ ከጉዳዩ ሁሉ ችላ የተባለው ይህ የመጨረሻ ዙር ነው። ሰው የሚከራከረው ስለ ጥላቻና ስለ ጎረቤት ጠባይ ነው፤ ዳኛው ከተማዋን ዘረኛ አላት ወይ ብሎ የሚቀየምም አለ። ሕጉ ግን ይህን አይጠይቅም። የ1965ቱ የድምፅ መብት ሕግ በ1982 ከተሻሻለ በኋላ ከሳሽ የማንንም ክፉ ሐሳብ ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ አሠራሩ የአናሳውን ድምፅ ዋጋ እንደሚያሳጣ ማሳየት ይበቃል። በአሜሪካ የሲቪል ነፃነቶች ኅብረት ጠበቆች አማካይነት በ2012 የቀረበውን ክስ ያዩት የፌዴራሉ ዳኛ ቶማስ ራይስ በነሐሴ 2014 የወሰኑትም ይህንኑ ነው።

«የአካባቢው ሰው ራሱ ይወስን እንጂ ፍርድ ቤት ምን አገባው» የሚለው ቅሬታ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ያኪማ ግን ተጠይቃ ነበር። በ2011 ሰባቱም መቀመጫዎች በክልል ይመረጡ የሚል ሐሳብ ለሕዝብ ቀረበና ወደቀ። የወደቀው በማን ድምፅ ነው? በዚያው በመላው ከተማ ድምፅ። ችግሩን የፈጠረው አቆጣጠር ስለ ራሱ ፍርድ እንዲሰጥ ተጠየቀ፤ ለራሱ ፈረደ። ከዚያ በኋላ ከፍርድ ቤት ሌላ የቀረ በር አይታየኝም።

የጎረቤቷ የፓስኮ ታሪክ ይበልጥ ያስተምራል። ከሕዝቧ ከግማሽ በላይ ላቲኖ የሆነባት ፓስኮ በ2016 ስትከሰስ ጥፋት የለብኝም አላለችም። ለመለወጥ ፈልጋ የዋሽንግተን ግዛት ሕግ ነው የከለከላት፤ እንደ እሷ ያሉ ከተሞች የመጨረሻውን ምርጫ በመላው ከተማ ድምፅ እንዲያካሂዱ ያስገድድ ነበርና። በ2017 መጀመሪያ ፍርድ ቤቱ ያጸደቀው ስድስት ክልልና አንድ የመላው ከተማ መቀመጫ የያዘውን የከተማዋን የራሷን ሐሳብ ነው። እዚህ ላይ ትእዛዙ ለከተማዋ ነፃነት ሆነላት። ዋሽንግተን የራሷን የድምፅ መብት ሕግ አውጥታ ከተሞች ያለ ክስ እንዲለወጡ የፈቀደችው በ2018 ነው። የሲያትል መራጮች በበኩላቸው ማንም ሳያዛቸው በ2013 ሰባት መቀመጫ በክልል፣ ሁለት በመላው ከተማ እንዲሆን ወስነዋል፤ በደቡብ ሲያትል የሚኖሩ አንባቢዎቻችን የሚመርጡት በዚሁ ደንብ ነው።

ያኪማ አምስት ክልልና ሁለት የመላው ከተማ መቀመጫ ይሁን ብላ ነበር። ዳኛው አልተቀበሉም፤ በየካቲት 2015 ሰባቱም በክልል፣ ከመጀመሪያው ዙር እስከ መጨረሻው፣ እንዲሆኑ አዘዙ። በዚያው ዓመት ሰባቱም መቀመጫዎች በአንዴ ለውድድር ቀረቡና ካርመን ሜንዴዝ፣ ዱልሴ ጉቲዬሬዝና አቪና ጉቲዬሬዝ ተመረጡ። በቀጣዩ ጥር አባላቱ አቪና ጉቲዬሬዝን ከንቲባ አደረጉ። ከተማዋ ለከሳሾቹ ጠበቆች 1.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፈለች፤ ቀድማ ብትስማማ ኖሮ ይህ ገንዘብ አስፋልትና መብራት በሆነ ነበር።

የሚያሳስበኝ ሌላው ወገን ያነሣው ነጥብ ነው። ክልሎቹ በሕዝብ ብዛት እኩል ናቸው፤ በመራጭ ብዛት ግን አይደሉም። በምሥራቁ ዜግነት የሌላቸው ሠራተኞችና ሕፃናት ይበዛሉ፤ ስለዚህ እዚያ በጥቂት ድምፅ መቀመጫ ይገኛል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኤፕሪል 2016 በቴክሳስ ጉዳይ ክልልን በጠቅላላ ሕዝብ ብዛት መከፋፈል ይቻላል ሲል የያኪማ ምክር ቤት በዳኛው ትእዛዝ ላይ ያቀረበውን ይግባኝ ተወ። እኔም የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርድ ትክክል ነው እላለሁ፤ ድምፅ የሌለው ሕፃንም መንገዱ ይጨልምበታል። ሆኖም የምሥራቁ ሰፈሮች መራጭ ከምዕራቡ በጣም ያነሰ መሆኑን የትኛውም ትእዛዝ አይለውጠውም፤ ያ በየቤቱ እየዞሩ የሚሠራ የምዝገባ ሥራ ነው።

ከከተማዋ በላይ ያለው የያኪማ አውራጃም ሦስቱን ኮሚሽነሮቹን በዚሁ መንገድ፣ መጀመሪያ በክልል ቀጥሎ በመላው አውራጃ፣ ሲያስመርጥ ቆይቷል። በ2018ቱ ሕግ ተከሶ በ2021 በስምምነት ተወው፤ በ2022 ሦስቱም መቀመጫዎች እስከ መጨረሻው በክልል ድምፅ ለምርጫ ቀረቡ።