ሜዲካል አልፈሻል፤ ታሚንሽስ የታለ?

እናቴ አጅባር ቁጭ ብላ የጤና መድህን ደብተር ነበራት። እኔ ሪያል ልለቅም ሰው አገር ሄጄ ስታመም ግን የማሳየው ካርድ አልነበረኝም። ጉድ በሉ!

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርላችሁ። ጊዜው 2011 ዓ.ም ነው። ዓረብ አገር ልሄድ ከአጅባር ተነስቼ አዲስ አበባ ገባሁ። አብረውኝ የነበሩት ልጆች ወሬ ሁሉ “ሜዲካል” ነው፤ “እከሊት አለፈች፣ እከሊት ወደቀች” ይባላል፣ ልክ እንደ ማትሪክ! ደሜን ሰጠሁ፣ ደረቴን ራጅ ተነሳሁ፣ እርግዝና እንደሌለብኝ ታየ። አለፍኩ፤ እልል ተባለ።

ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። ያ ምርመራ የተደረገው ለአሠሪዬ ነበር፤ ጤነኛ ሠራተኛ እንድትረከብ። እኔ ብታመምስ? ውሉ ላይ ስለ ሕክምና አንድ መስመር አይቼ የኤጀንሲውን ልጅ ጠየቅኩት። “አብሽሪ እህቴ፣ ሁሉም በማዳምሽ ነው” አለኝ። አመንኩት፤ ሄድኩ።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ሌሊት ሆዴን በቀኝ በኩል ወጋኝ። ማዳም ፓናዶል ሰጠችኝ። በማግስቱም ፓናዶል። በሦስተኛው ቀን ቀጥ ብዬ መቆም ሲያቅተኝ ሆስፒታል ወሰዱኝ። መዝጋቢዋ ኢቃማዬን ተቀብላ አንዲት ቃል ጠየቀችኝ፦ “ታሚን?” ኢንሹራንስ ማለቷ ነው። እኔ ማዳምን አየኋት፤ ማዳም መሬት መሬቱን አየች።

ለካስ ትርፍ አንጀቴ ኖሯል። በቀዶ ጥገና ተረፍኩ፤ ተመስገን። ሂሳቡን ግን ስድስት ወር ሙሉ ከደመወዜ ቆረጡት። ለእናቴ ቤት ቆርቆሮ ያሰብኩት ገንዘብ በሆዴ ስፌት አለቀ።

ታዲያ እማዬ ጋ ስደውል ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? “እኔም አሞኝ ነበር የኔ እናት። መካነ ሰላም ሄጄ በደብተሬ ታከምኩ። አንቺ ደብተር የለሽም እንዴ?” ምን ልበላት? ካርዴ አለቀ ብዬ ዘጋሁት።

ደብተሩ ምንድነው?

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች ሲሞከር፣ ከአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስቱ አንዱ የእኛው የደቡብ ወሎ ተሁለደሬ ነበር። ከዚያ ወደ ሌላውም ተስፋፋ። ቤተሰቡ በዓመት አንዴ ያዋጣል፤ የታመመ ደብተሩን ይዞ ይሄዳል። እድር በሉት። እድሩ ለሞተ ነው፣ ይሄኛው ለታመመ።

ውጭ አገርስ?

በ2008 ዓ.ም የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የመድህን ወጪ በአሠሪው እንዲሸፈን ደነገገ። የቪዛ፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርትም እንደዚሁ። አዋጁ በ2013 ተሻሽሏል፤ ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ዛሬ የሚሠራበትን ጠይቁ።

የሄዳችሁበት አገር ሕግም አንድ ዓይነት አይደለም። ዱባይ በ2006 ዓ.ም ባወጣችው ሕግ መድህኑን የሚገዛው አሠሪው ነው። ሻርጃና ሌሎቹ ሰሜናዊ ኤምሬቶች ለቤት ሠራተኛ ግዴታ ያደረጉት በታህሳስ 2017 ነው። ሳውዲ በሰኔ 2016 የጀመረችው ግዴታ በርካታ የቤት ሠራተኞች ላሏቸው አሠሪዎች ነበር፤ አንድ ሠራተኛ ብቻ ያለውን ቤት አላካተተም። ቤይሩት ደግሞ ከ2001 ዓ.ም ጀምሮ የቤት ሠራተኛ ውል ላይ መድህን ተጽፏል። መጻፉ ደግ ነው፤ ካርዱ ማዳም መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ከተቀመጠ ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው።

በባሕር የሚሄደውማ ወንድሜ ውልም የለው፣ መድህንም የለው። ቢታመም ማንን ይጠይቃል?

ሳይቃጠል በቅጠል

1. ከመፈረምሽ በፊት ስለ ሕክምና የተጻፈውን አንቀጽ በአማርኛ አስነብቢ። “አብሽሪ” ሲሉሽ “የቱ መስመር ላይ?” በይ። የውሉን ቅጂ ለቤተሰብ ትተሽ ሂጂ።

2. እንደደረስሽ ካርዱን ጠይቂ። ፊቱንም ጀርባውንም በስልክ አንሺና ለወንድምሽ ላኪ። የሚያበቃበትን ቀን እዪ።

3. የማይሸፍነውንም ጠይቂ። ብዙ ጊዜ ጥርስና መነጽር አይገቡበትም።

4. “ወጀዕ” ሕመም ነው፣ “ባጥን” ሆድ ነው። እነዚህን ሳታውቂ አትሂጂ። በሆድሽ የቀኝ ታችኛው ክፍል የጠና፣ ከትኩሳትና ከማስታወክ ጋር የመጣ ሕመም በፓናዶል አይጠበቅም። ሐኪም ጋ ውሰዱኝ ብለሽ ጩኺ!

5. ስትታከሚ ደረሰኙንና የሐኪሙን ወረቀት አትጣዪ። ከደመወዝሽ ከቆረጡ ለኤጀንሲውና ለኤምባሲ የምታሳዪው እሱን ነው።

እኔ ዛሬ ደሴ ነኝ፤ ስፌቱ ብርድ ሲሆን ያሳክከኛል። ባለፈው የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደውላ፣ “እቴቴ፣ ሜዲካል አለፍኩ!” ብላ ስልኩ ውስጥ እልል አለች።

“እሰይ የኔ ቆንጆ” አልኳት። “ታሚንሽስ?”

ዝም አለች። ደግነቱ ገና አልፈረመችም።