ቀዩ ደም ቅዳ አይደለም

አልትራሳውንድን የማያውቅ የለም፤ ጄል ይቀባል፣ በእጅ የሚያዘው ፕሮብ ሆድ ላይ ይሄዳል፣ ፅንሱ ይታያል። ጨረር የለውም፣ ድምፅ ብቻ ነው። እኔ ማውራት የምፈልገው እዚያው ማሽን ውስጥ ሆኖ ተገቢውን ክብር ስላላገኘው ዶፕለር ነው፤ ቆዳ ሳይቀደድ፣ መድኃኒት ሳይወጋ የደምን ጉዞ ያሳያል።

ዲላ አስፋልቱ ዳር ቆማችሁ፣ ወደ ሞያሌ የሚወርድ ከባድ መኪና ጡሩምባውን እየነፋ ሲያልፍ ስሙት፤ ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲርቅ ይወፍራል። ኦስትሪያዊው ክርስቲያን ዶፕለር በ1842 እ.ኤ.አ. ስለ ከዋክብት ብርሃን ሲጽፍ ያነሳው ሐሳብ ይህንኑ የሚያስረዳ ነው። ማሽኑም ከቀይ የደም ሕዋሳት ተመልሶ የሚመጣው ድምፅ ምን ያህል እንደቀጠነ ወይም እንደወፈረ አይቶ የደሙን ፍጥነት ያሰላል።

ከዚያ ቀለም ይሰጠዋል፤ ጣጣው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። «ቀዩ ደም ቅዳ፣ ሰማያዊው ደም መልስ ነው» ሲባል ከታካሚ ብቻ ሳይሆን ነጭ ጋዋን ከለበሰም ሰው ሰምቻለሁ። አይደለም! በተለመደው አሠራር ቀይ ማለት ደሙ ወደ ፕሮቡ እየመጣ ነው፣ ሰማያዊ ማለት ደግሞ እየራቀ ነው። ፕሮቡን ወደ ሌላው ጎን አዘንብሉት፤ ያው ቧንቧ ቀለሙን ይቀይራል። በአንድ ቁልፍም ቀለሞቹን መገልበጥ ይቻላል። ስለዚህ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን የቀለም መለኪያ ሳያዩ መፍረድ ነውር ነው።

ፕሮቡ ከደሙ አቅጣጫ ጋር 90 ዲግሪ ከሠራ ደግሞ ደሙ እየሮጠም ቧንቧው ጥቁር ሆኖ ሊታይ ይችላል። «ተዘግቷል» ብሎ ሰው ከማስደንገጥ በፊት እጅን ዘንበል ማድረግ ምን ይከብዳል? በጉልበት መጫኑም ይቅር፤ ደም መልስ ቶሎ ይጨፈለቃል። እግር ላይ የረጋ ደም ሲፈለግ ግን ሆን ተብሎ ይጫናል፤ ጤነኛው ይጨፈለቃል፣ ደም የረጋበት እምቢ ይላል።

በ1982 እ.ኤ.አ. ደግሞ ተመራማሪው ሩኔ ኦስሊድና ባልደረቦቹ በዶፕለር ከጆሮ ፊት ከፍ ብሎ ባለው ሳሳ ያለ አጥንት በኩል የአንጎልን ደም ፍጥነት ለኩ። ይህ ቡና ለሚወደው የይርጋጨፌ ሰው የሚሆን ወሬ ነው። ካፌይን የአንጎልን የደም ቧንቧዎች ያጠብባል፤ የለመደ ሰው ቡናው ሲቀርበት ቧንቧዎቹ ይለጠጣሉ፣ በአንጎል የሚያልፈው ደምም ይጨምራል፤ ዶፕለሩ ፍጥነቱ ከፍ ማለቱን ያሳያል። ቡና ያልተጠጣ ቀን ራስን ወጥሮ የሚይዘውን ሕመም ተመራማሪዎች ከዚህ ጋር ያያይዙታል፤ እናቶቻችን ግን መድኃኒቱ አንድ ሲኒ መሆኑን ያለ ማሽንም ያውቁ ነበር።