አሮጌ መኪና ሲበላሽ ዕቃ ከመቀየር በፊት ምን መለካት አለበት?

ከሐረር ጎዳናዎች ፔዦ 404፣ ከአሥመራ ፊያት 600፣ ከአዲስ አበባ ታክሲዎች መካከል ደግሞ ላዳ ለአሥርት ዓመታት ሳይለዩ ኖረዋል። ፔዦ 404 እአአ በ1963፣ ከዚያም ከ1966 እስከ 1968 በተከታታይ የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ ውድድር ያሸነፈ መኪና ነው። የመጀመሪያው የላዳ ሞዴል በጣሊያኑ ፊያት 124 ላይ ተመሥርቶ እአአ በ1970 በሶቪየት ኅብረት መመረት ጀመረ። ዛሬም ከሚሽከረከሩት ውስጥ ከአሽከርካሪዎቻቸው በዕድሜ የሚበልጡ አሉ።

በአካባቢው ያሉት መኪኖች በቶሎ በአዲስ የሚተኩም አይመስልም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እንዳለው እአአ ከ2015 እስከ 2018 ባለው ጊዜ ከአውሮፓ ኅብረት፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል ተሽከርካሪዎች ወደ ሌሎች አገራት ተልከዋል። ከእነዚህ 40 በመቶ የሚሆኑት መድረሻቸው አፍሪካ ነበር። ኬንያ ከስምንት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና እንዳይገባ ትከለክላለች። ኢትዮጵያ ደግሞ እአአ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዷን አስታውቃለች። ስለዚህ ቀድሞ የገባው መኪና፣ አርጅቶም ቢሆን፣ ለረጅም ጊዜ ማገልገል ይጠበቅበታል።

የመለዋወጫ ዋጋ በየጊዜው በሚንርበት በዚህ ወቅት የባለመኪናውን ኪስ የሚያራቁተው ብልሽቱ ብቻ አይደለም። ያልተበላሸ ዕቃ እየተፈታ በሌላ መተካቱም ነው። መኪናው አልነሳ ሲል ባትሪ ይገዛል፤ በሳምንቱ ችግሩ ሲመለስ ዲናሞ ይቀየራል፤ ከዚያ ሞተሪኖ ይፈታል። ጥፋቱ በመጨረሻ የሚገኘው በዛገ የሽቦ ጫፍ ላይ ሊሆን ይችላል።

ቮልቱ የት ጠፋ?

የኤሌክትሪክ ብልሽትን ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በጋራዥ ሰዎች አጠራር ቴስተር የሚባለው ተራ የቮልት መለኪያ ብዙውን ጥያቄ ይመልሳል። ሞተሩ ጠፍቶ ያደረ መኪና ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ካሳየ ሙሉ ነው። 12.4 ከሆነ ሦስት አራተኛ ያህል ኃይል ይዟል፤ ወደ 12 ከወረደ ሊያልቅ ተቃርቧል። ሞተሩ ሲነሳ ንባቡ ከ13.8 እስከ 14.4 ባለው ክልል ውስጥ ከገባ ዲናሞው እየሞላ ነው፤ መፍታትም አያስፈልግም።

ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሞተሪኖው ግን ሲያቃስት ጥርጣሬው በመካከላቸው ባለው መንገድ ላይ ይወድቃል። ሞተሪኖ ሞተሩን ሲያዞር ከ100 አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል። ለምሳሌ 150 አምፔር እየሳበ በመንገዱ ላይ 0.02 ኦም ብቻ የሆነ ተቃውሞ ቢገጥመው 3 ቮልት እዚያው በሙቀት መልክ ይባክናል። ለሞተሪኖው ከ12 ቮልቱ የሚደርሰው 9 ብቻ ይሆናል። ይህን ያህል ተቃውሞ ለመፍጠር በባትሪው ራስ ላይ የተጋገረ ነጭ ዝገት ወይም ከቀለም በላይ የታሰረ የኔጌቲቭ ገመድ ይበቃል።

ምርመራው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የመለኪያው አንዱ ጫፍ የባትሪውን ኔጌቲቭ ራስ፣ ሌላው የሞተሩን ብረት ይነካል፤ ከዚያ ረዳት ቁልፉን ያዞራል። ንባቡ ወደ ዜሮ የቀረበ ከሆነ መመለሻው መንገድ ጤነኛ ነው። ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ከሆነ ችግሩ ያለው በገመዱ ወይም በማሰሪያው ላይ ነው። በፖዘቲቩ በኩልም እንዲሁ ከባትሪው ራስ እስከ ሞተሪኖው መግቢያ ይለካል። ፋኖሶቹ የሚደበዝዙ፣ የነዳጅና የሙቀት ጌጆቹ ደግሞ ፍሬቻ በበራ ቁጥር የሚዘሉ ከሆነም መጀመሪያ የሚጠረጠረው የኔጌቲቩ መስመር ነው።

ባትሪው በአንድ ሌሊት እያለቀ የሚያድር ከሆነ ሁሉም ነገር ጠፍቶ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ ይለካል። በአሮጌ መኪና ላይ ከ0.05 አምፔር የማይበልጥ ቢሆን ይመረጣል። ከበለጠ ፊውዞቹ አንድ በአንድ ይነቀላሉ፤ ንባቡ የወረደው የትኛው ሲነቀል እንደሆነ ሌባውን መስመር ያመለክታል። ከፋብሪካ በኋላ የተገጠሙ ቴፖችና ማንቂያ ደወሎች በዚህ ረገድ ስማቸው መልካም አይደለም።

መተው ያለበት አንድ የቆየ ልማድም አለ። ዲናሞው መሥራቱን ለማየት ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ መንቀል። ያኔ ቮልቱ በቅጽበት ሊያሻቅብና የዲናሞውን ዳዮዶች ሊያቃጥል ይችላል። የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ባለው መኪና ላይ ኪሳራው ከዲናሞም ያልፋል።

በከፍታ ላይ የሚፈላ ውሃ

የሙቀት ችግር በአፍሪካ ቀንድ የተለየ ጠባይ አለው፤ ምክንያቱም የመልክዓ ምድሩ ከፍታ ነው። በባሕር ጠለል 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ውሃ ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የብዙ ሞተሮች ቴርሞስታት መከፈት የሚጀምረው ደግሞ ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ላይ ነው። በጤነኛ ሞተርና በመፍላት መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው ማለት ነው።

ይህን ርቀት የሚያሰፋው ብዙዎች ከቁም ነገር የማይቆጥሩት የራዲያተር ክዳን ነው። በላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር የሚጻፍበት ይህ ክዳን ውሃውን በግፊት ይዞ የመፍያ ነጥቡን በደጋም ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ስፕሪንጉ ከላላ ወይም ጎማው ከተሰነጠቀ ግን ውሃው ገና በመደበኛ የሥራ ሙቀት ወደ መፍላት ይጠጋል። ባለመኪናው ራዲያተር ሊያሳጥብ፣ አልፎም ቴስታታ ሊያስፈታ ይችላል፤ ጥፋተኛው ግን ከሁሉም ርካሹ ዕቃ ነበር። ክዳኑ ሞተሩ ትኩስ ሳለ ፈጽሞ አይከፈትም። በግፊት የታመቀው ውሃ ክዳኑ ሲላላ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ ፊትና እጅንም ክፉኛ ያቃጥላል።

ሌላው የተለመደ መፍትሔ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። በቆላ ሙቀት የሚያዋጣ ይመስላል። በደጋ ጠዋት ግን ሞተሩ ሳይሞቅ ይሠራል፤ ነዳጅ ይበላል፤ ቶሎም ያልቃል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ጭራሽ ተቃራኒው ይከሰታል፦ ቴርሞስታቱ ሲከፈት አቋራጩን መንገድ የሚዘጋ በመሆኑ እሱ ሲወጣ ትኩሱ ውሃ ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ቴርሞስታትን በድስት አፍልቶ መሞከርም በደጋ ላይ ጥንቃቄ ይሻል። የአዲስ አበባ ድስት ከ92 ዲግሪ ብዙ ስለማያልፍ ሙሉ በሙሉ ያልተከፈተ ቴርሞስታት ሁሉ የተበላሸ አይደለም።

ውሃው ሳይንጠባጠብ የሚጎድል፣ ሞተሩ ሲነሳ በራዲያተሩ ውስጥ አረፋ የሚፍለቀለቅ፣ ከጭስ ማውጫውም ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ የሚወጣ ከሆነ የቴስታታ ጓርኒሲዮን መቃጠሉ ይጠረጠራል። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር የሚታየው ነጭ ቅባት ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፤ አጭር ርቀት ብቻ በሚነዳ መኪና ላይ ከተራ እርጥበትም ይፈጠራል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ቴስታታውን ሊሰነጥቅ ስለሚችል መጠበቅ የግድ ነው።

ከፍታው ካርቡራተር ያላቸውን መኪኖችም ይፈትናል። አዲስ አበባ ያለው አየር በጅቡቲ ወደብ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። በባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ካርቡራተር ሽቅብ ሲወጣ ከአየሩ ጋር የማይመጣጠን ብዙ ቤንዚን ይለቃል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ካንዴላ መቀየር ምልክቱን ለጥቂት ቀናት ይደብቀዋል እንጂ ነዳጁን አይቀንሰውም።

ቁልቁለቱ ላይ

እስካሁን የተነሱት ብልሽቶች ገንዘብ ያስወጣሉ። ፍሬን ግን የሕይወት ጉዳይ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው መንገድ በአጭር ርቀት ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይጥላል። እንዲህ ባለ ቁልቁለት ፍሬን ያለማቋረጥ ከተረገጠ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ይደርሳል።

የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቃል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መለኪያው ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ የሚፈጠረው አረፋ በእግር ግፊት ስለሚጨመቅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ መኪናው ግን አይቆምም። አሳሳቹ ነገር ሲበርድ ፔዳሉ ወደ ቦታው መመለሱ ነው። በማግሥቱ ጋራዥ የገባ መኪና «ምንም የለበትም» ተብሎ ሊመለስ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው። ፔዳሉ ሳይወርድ ጠንክሮ መኪናው አልቆም ካለ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ጋለው ሸራ ወይም ወደ ፍሬን አጋዡ ይዞራል።

ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ በፎሌ መውረድ ሁለቱንም አደጋዎች ያባብሳል። (ፎሌ፣ እንደ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮንና ካንዴላ ሁሉ፣ ጣሊያንኛ ለኢትዮጵያና ለኤርትራ ጋራዦች ያወረሰው ቃል ነው።) በፎሌ የሚወርድ መኪና ሞተሩ ይዞ የሚያስቀርለት ኃይል አይኖረውም። ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ በብዙ መኪኖች ላይ የፍሬን አጋዡ ከሞተሩ የሚያገኘው የአየር ስበት ይቋረጣል፤ ከጥቂት መርገጥ በኋላም ፔዳሉ ይደርቃል። ሽቅቡን ባወጣው ማርሽ ወይም ከዚያ ባነሰ መውረድ ፍሬኑን ያሳርፈዋል።

የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ቢቀየር ይመከራል፤ ዋጋውም ከሸራ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። በጎደለ ጊዜ የሞተር ዘይት መጨመር ግን ጎማዎቹን አሳብጦ መላውን የፍሬን መስመር ያበላሻል።

በመርካቶ ሶማሌ ተራ፣ በናይሮቢ ኪሪንያጋ መንገድ ወይም በካምፓላ ኪሴካ ገበያ ያገለገለ በር፣ ካምቢዮ ወይም የዲናሞ አካል መግዛት ኪስን ያተርፋል። ያገለገለ የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ጎማ ወይም ቱቦ ግን ከፈታው ሰው በቀር የቀረውን ዕድሜ የሚያውቅለት የለም። አሮጌ ሸራ ሲቀየር ደግሞ ከበሮው ውስጥ የተጠራቀመውን አቧራ በኮምፕረሰር መንፋት አይገባም። በቀድሞ ዘመን የተሠሩ ብዙ ሸራዎች አስቤስቶስ አለባቸው፤ በሳንባ ውስጥ የሚቀረው ይህ ብናኝ ካንሰር ያመጣል። አቧራው በውሃ ተረጥቦ በጨርቅ ይጠረጋል፤ ጨርቁም ሳይራገፍ በላስቲክ ታስሮ ይጣላል።