ዶ ማይነርና ግማሽ ትዝታ

ቤቶቨን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1808 ዓ.ም. በቪየና ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰማው አምስተኛው ሲምፎኒ በዶ ማይነር ተነሥቶ በዶ ሜጀር ይፈጸማል። ይህ ዕውቀት ከእኛ የራቀ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ በጅማ በበቾ ቦሬ ሰፈር ቡናው እስኪፈላ ድረስ ክራሩን የሚቃኘውን ደርዳሪ ልብ ብሎ ይመልከት።

ሙሉ ትዝታ «ዶ»፣ «ሬ»፣ «ሚ»፣ «ሶል»፣ «ላ» የተባሉትን አምስት ድምፆች ይይዛል። ደርዳሪው ከእነዚህ «ሚ»ንና «ላ»ን በግማሽ ድምፅ ሲያላላቸው ቅኝቱ ግማሽ ትዝታ ይሆናል። ሜጀርንና ማይነርን የሚለያቸውም ከሁሉ በላይ ይኸው የ«ሚ» መላላት ነው።

ይሁን እንጂ ዶ ማይነርና ግማሽ ትዝታ አንድ አይደሉም። ዶ ማይነር ሰባት ድምፅ ሲኖረው፣ ግማሽ ትዝታ ግን «ፋ»ንና «ሲ»ን አይጨምርም። የዜማ ጠባይ ከሚሰሙት ድምፆች ብቻ ሳይሆን ከሚቀሩትም የሚገኝ ነውና፣ ትዝታን በፒያኖ የሚያጅብ ወጣት ባዶ የመሰለውን ስፍራ በእነዚህ ሁለት ድምፆች ቢሞላው፣ ዜማው ማይነርነቱን እንደያዘ ትዝታነቱን ያጣል።

ማይነር ሁሉ ኀዘን፣ ሜጀር ሁሉ ደስታ ነው ማለትም አይገባም፤ ሙሉ ትዝታ «ሚ»ው ሳይላላ ሆድ ያባባልና። ስለዚህ ከእንግዲህ ክራር ሲሰሙ፣ የትኛው ድምፅ እንደ ላላና የትኛው እንደ ቀረ ለይተው ያድምጡ። የአባቶቻችን ቅኝት ሳይበረዝ የሚቆየው ለይቶ የሚሰማ ጆሮ ሲኖር ነው።